ሰውነት በሽታን መከላከል እንዴት ይማራል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በክትባት ክፍል በር ላይ፣ በለቅሶ ድንኳን ውስጥና ከባሕር ማዶ በስልክ ደጋግመው የሚነሡ ጥያቄዎች ናቸው፤ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ተደርድረዋል።

በሽታ የመከላከል አቅም ሲባል ምን ማለት ነው?

ብዙ ሰው እንደ ጉልበት ያስበዋል፦ አንዱ ብዙ አለው፣ ሌላው ጥቂት፤ ሲደክሙ ይቀንሳል፣ ሲበሉ ይጨምራል። ከፊሉ እውነት ነው። ዋናው ነገር ግን ትውስታ ነው። የኩፍኝን ቫይረስ አሳምሮ የሚያውቅ ሰውነት ስለ ፖሊዮ ምንም ላያውቅ ይችላል፤ ሯጭ መሆንም ያላዩትን በሽታ አያሳውቅም። «የመከላከል አቅሜ ጥሩ ነው» ለሚል ሰው የሚመለስለት ጥያቄ «ለየትኛው በሽታ?» የሚል ነው።

ከትውስታው በፊት ማንኛውንም መጤ ሳይለይ የሚያግድ አጥር አለ። ቆዳ፣ የአፍንጫና የአየር ቧንቧ ንፍጥ፣ ባክቴሪያን የሚያፈርስ ንጥረ ነገር ያለበት እንባ፣ የጨጓራ አሲድ። እነዚህ ከእኛው ጋር ይወለዳሉ፤ ማንን እንዳገዱ ግን አይመዘግቡም።

እሾህ የወጋኝ ቦታ ለምን ያብጣል? መግልስ ምንድን ነው?

እሾህ ብቻውን አይገባም፤ ባክቴሪያ ይዞ ይገባል። በቆዳ ሥር የሚኖሩ ጠባቂ ሴሎች ወዲያው ኬሚካል ይረጫሉ፤ በአካባቢው ያሉ ቀጫጭን የደም ሥሮች ይሰፋሉ፣ ግድግዳቸውም ይላላል። መቅላቱ፣ መሞቁና ማበጡ ከዚህ የመጣ ነው። በላላው ግድግዳ ሾልከው የሚወጡ ነጭ የደም ሴሎች ባክቴሪያውን ይውጡታል፣ ብዙዎቹም እዚያው ይሞታሉ። መግል በአብዛኛው የእነዚህ ሙታን ክምር ነው።

ይህንን ያስተዋለው ሰው የተጠቀመውም እሾህ መሆኑ ደስ ይለኛል። የእንስሳት ጥናት ሊቁ ኢሊያ ሜችኒኮቭ እ.ኤ.አ. በ1882 በሲሲሊ ደሴት፣ በመሲና ከተማ ሳለ፣ እንደ መስተዋት ውስጡ በሚታይ የባሕር ኮከብ እጭ ላይ የጽጌረዳ እሾህ ሰክቶ አደረ። በማግስቱ በአጉሊ መነጽር ሲያይ ተንቀሳቃሽ ሴሎች እሾሁን ከብበውት ነበር። በ1908 የኖቤል ሽልማት ሲካፈል የሴሎች «መዋጥ» የታወቀ እውቀት ሆኖ ነበር።

ሰውነት አይቶት የማያውቀውን ተህዋስ እንዴት ይለያል?

አስቀድሞ ስለተዘጋጀ ነው። ቁልፍ ሠሪ በር ላይ ቆሞ ቁልፍ አይቀርጽም እንበል፤ በሩን ሳያይ በሚሊዮን የሚቆጠሩ የተለያዩ ቁልፎች ቀርጾ ይጠብቃል። በመቅኔ ውስጥ የሚፈጠሩ ነጭ የደም ሴሎች እንዲሁ ናቸው። እያንዳንዱ ሴል አንድ ዓይነት ቅርጽ ብቻ የሚይዝ መያዣ አለው፤ ቅርጹም በዕጣ የወጣ ያህል ነው። አብዛኞቹ ዕድሜ ልካቸውን በራቸውን ሳያገኙ ያልፋሉ።

ወራሪ ሲመጣ ጠባቂዎቹ ሴሎች ቁራጩን ይዘው በአንገት፣ በብብትና በብሽሽት ወዳሉት ዕጢዎች ይጓዛሉ። እዚያ ቅርጹ የሚገጥምለት ሴል ሲገኝ መባዛት ይጀምራል። እግራችን ቆስሎ ብሽሽታችን ላይ የሚወጣው ንፍፊት ይህ ነው፦ በሽታው ወደ ላይ እየወጣ አይደለም፤ ዕጢው ውስጥ ሠራዊት እየተመለመለ ነው። ከተባዙት ገሚሶቹ አንቲቦዲ የሚባለውን፣ ተህዋሱ ላይ ተለጥፎ የሚያሽመደምደውን ፕሮቲን ያመርታሉ፤ ሌሎቹ ቫይረስ የገባባቸውን የራሳችንን ሴሎች እየፈለጉ ይገድላሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሆን ይህ ሁሉ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይወስዳል። የምንታመመውም በዚህ ክፍተት ነው።

ኩፍኝ አንዴ የወጣበት ሰው ለምን ድጋሚ አይወጣበትም?

ውጊያው ሲያበቃ አብዛኞቹ ሴሎች ይሞታሉ፤ ጥቂቶች ግን ይቀራሉ። ከቀሩት አንዳንዶቹ መቅኔ ውስጥ ተቀምጠው ለዓመታት አንቲቦዲ ማመንጨታቸውን ይቀጥላሉ፤ ሌሎቹ በዝምታ ይጠብቃሉ። ቫይረሱ ዳግም ሲመጣ ሥራው ከሳምንታት ወደ ቀናት ያጥራል፤ ሰውየው መያዙንም ላያውቅ ይችላል።

ይህ ትውስታ ምን ያህል እንደሚዘልቅ በጥሩ ሁኔታ የታየው በአትላንቲክ ውቅያኖስ በሚገኙት የፋሮ ደሴቶች ነው። እ.ኤ.አ. በ1846 ኩፍኝ ገብቶ ከ7,800 ገደማ ነዋሪዎች 6,000 ያህሉን አሳመመ። ጉዳዩን ሊያጠና የተላከው ዴንማርካዊ ሐኪም ፒተር ፓኑም ቤት ለቤት ሲዞር አንድ እንግዳ ነገር አስተዋለ፦ በ1781 በተነሣው ያለፈው ወረርሽኝ በልጅነታቸው የታመሙ አዛውንቶች አንዳቸውም አልታመሙም። በመካከሉ ባሉት 65 ዓመታት ኩፍኝ ደሴቶቹን አልረገጠም። ያኔ ቫይረስ ምን እንደሆነ እንኳ የሚያውቅ አልነበረም።

ሕፃን መከላከያ ይዞ ይወለዳል? እንገርስ (ከወሊድ በኋላ የሚመጣው የመጀመሪያ ወተት) ምን ይጠቅማል?

የተዋሰውን ይዞ ይወለዳል። በተለይ በእርግዝናው የመጨረሻ ሦስት ወራት የእናቲቱ አንቲቦዲ በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ጽንሱ ይሻገራል። ጊዜው ሳይደርስ የሚወለድ ሕፃን ለበሽታ የሚጋለጥበት አንዱ ምክንያት ይህ ውሰት ስለሚጎድልበት ነው። እናት የማታውቀውን በሽታ ደግሞ ለልጇ ልታውሰው አትችልም።

ስለ እንገር ከብት አርቢ ቤተሰብ ውስጥ ያደገ ሰው ብዙ ማስረዳት አያስፈልገውም። በላም እንግዴ ልጅ በኩል አንቲቦዲ አያልፍም፤ ስለዚህ ጥጃ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት እንገር ካልጠባ ሕይወቱ አደጋ ላይ ነው። የሰው ልጅ ዕድለኛ ነው፤ በደሙ ውስጥ ያለውን ቀድሞ ወስዷል። የእናት እንገር የሚያመጣለት ሌላ ዓይነት አንቲቦዲ ነው፤ ወደ ደም ሳይገባ አንጀቱንና ጉሮሮውን ይለብጣል፣ ተቅማጥ የሚያመጡትን ተህዋስያን እዚያው ያግዳል። ለጥጃው ሲሆን ጠብታ እንዳይባክን እየተጠነቀቁ የእናትን ግን «ቢጫ ነው፣ ያረጀ ነው» ብሎ ጨምቆ መድፋትና ለአራስ ልጅ ቅቤ ማስላስ ሁልጊዜ ይገርመኛል። በተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጡት ይያዝ።

እንዲህ ከሆነ የኩፍኝ ክትባት ለምን 9 ወር ድረስ ይዘገያል?

ውሰቱ ራሱ መሰናክል ስለሚሆን ነው። የኩፍኝ ክትባት የተዳከመ ሕያው ቫይረስ ነው፤ የሕፃኑ ሴሎች እንዲማሩበት ጥቂት መባዛት አለበት። በደሙ የእናቱ አንቲቦዲ ካለ ግን የክትባቱን ቫይረስ ገና ሳይባዛ ያመክነዋል። ተማሪው ሳያይ ትምህርቱ ተሰረዘ ማለት ነው። የእናት አንቲቦዲ በየሦስት ሳምንቱ በግማሽ ገደማ እየቀነሰ ይሄዳል። ቶሎ መከተብ ክትባቱን ያባክናል፤ መዘግየት ደግሞ ሕፃኑን ባዶ እጁን ያቆየዋል።

ሀገሮች ይህንን ሚዛን በየራሳቸው ይመዝናሉ። ኩፍኝ በብዛት በሌለባቸው የአውሮፓ ሀገሮችና በአሜሪካ የመጀመሪያው በ12 ወር አካባቢ ወይም ከዚያ በኋላ ይሰጣል። ኢትዮጵያ ውስጥ በሽታው ስለማይጠብቅ በ9 ወር ይጀመራል፤ በዚህ ዕድሜ ከ100 ሕፃናት 85 ያህሉ ይማራሉ። በ15 ወር የሚሰጠው ሁለተኛው ለቀሩት 15 ሌላ ዕድል ነው። ብዙ እናቶች «አንዴ ተከትቧል፣ ይህ ማጠናከሪያ ነው» ብለው ይተዉታል፤ የእርስዎ ልጅ ከ85ቱ ይሁን ከ15ቱ ግን በመልኩ አይታወቅም። ከአሜሪካ ሕፃን ይዘው ለበዓል የሚመጡ ወላጆችም ልጁ ከ6 እስከ 11 ወር ከሆነው ከጉዞ በፊት አንድ ተጨማሪ መውጋት እንደሚመከር ይወቁ፤ ይህ ግን በኋላ ከሚሰጡት ሁለቱ አይቆጠርም።

ክትባት «ትንሽ በሽታ መስጠት» ነው የሚባለው እውነት ነው? ለምንስ ሦስት ጊዜ ይወጋል?

ለአንዳንዶቹ ይቀርባል፣ ለአብዛኞቹ አይደለም። ኩፍኝና በአፍ የሚሰጠው ፖሊዮ የተዳከሙ ሕያዋን ናቸው። ፔንታ የሚባለው ግን አምስት በሽታዎችን የሚከላከል ሲሆን ሕያው ተህዋስ የለበትም፤ የሞቱ ባክቴሪያዎች፣ የተህዋስ ቁራጮችና መርዝነታቸው የተነፈገ መርዞች ናቸው። ማታ የሚመጣው ትኩሳት በሽታው አይደለም፤ ከላይ በእሾሁ ያየነው ጠባቂዎች የሚረጩት ኬሚካል ነው። በነገራችን ላይ «ክትባት» የመጣው «ከተበ» ከሚለው ግስ ነው፤ ጻፈ ማለት ነው፤ በአንገት የሚንጠለጠለው ክታብም የዚሁ ግስ ልጅ ነው። ቃሉን የመረጡ ሰዎች ከራሳቸው በላይ ትክክል ነበሩ።

ሕይወት የሌለው ክትባት በአንድ ጊዜ ጠልቆ አይጻፍም። ፔንታ በ6ኛ፣ በ10ኛና በ14ኛ ሳምንት የሚሰጠው ለዚህ ነው። በመካከሉ ባሉት ሳምንታት በዕጢዎቹ ውስጥ ውድድር አለ፦ ሴሎቹ እየተባዙ መያዣቸውን ጥቂት ጥቂት ይለዋውጣሉ፣ ይበልጥ የሚገጥመው ይተርፋል፣ የማይገጥመው ይሞታል። የሚቀጥለው መርፌ የሚያገኘው የተሻሉትን ነው። በካርዱ ላይ የሚጻፈው ቀን ለነርሷ ምቾት የተመረጠ አይደለም። ቀኑ ካለፈ ደግሞ ከዜሮ አይጀመርም፤ ካቆሙበት ይቀጥላሉ። ስታፍር ሳትመጣ የቀረች እናት አውቃለሁ፤ ሊቆጧት እንጂ ሊከትቡላት የሚችሉ አልመሰላትም ነበር።

ልጄ በሽታውን ራሱ ታምሞ ቢወጣው አይሻልም?

ከዳነ ለኩፍኝ የሚያገኘው ትውስታ ጽኑ ነው፤ ይህ አይካድም። የሚከፈለው ዋጋ ግን ሳንባ ምች፣ የዓይን መጥፋት፣ አንዳንዴም ሞት ነው። ከሁሉ የከፋው ብዙ ሰው ያልሰማው ነው፦ የኩፍኝ ቫይረስ የሚያጠቃው ትውስታ የያዙትን ሴሎች ራሳቸውን ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣ ጥናት በኔዘርላንድስ ያልተከተቡ 77 ሕፃናት ደም ከኩፍኝ በፊትና በኋላ ሲመረመር፣ ለሌሎች በሽታዎች ከነበሯቸው የአንቲቦዲ ዓይነቶች ከ11 እስከ 73 በመቶ ጠፍተው ተገኝተዋል።

አያቶቻችን ከኩፍኝ ያገገመ ልጅ ለወራት «አይበረታም» ይሉ ነበር፤ ልክ ነበሩ። ልጁ አንድ በሽታ ሲማር ሌላውን ረስቷል። ክትባቱ ይህንን አያደርግም።

ማር፣ ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ የመከላከል አቅም ይጨምራሉ?

ጉሮሮ ያለሰልሳሉ፣ አፍንጫ ይከፍታሉ፤ ትውስታ ግን አይጽፉም። ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን ማር ጭራሽ አይሰጥም። የሚጎዳው እጥረት ነው፦ ፕሮቲን፣ ዚንክና ቫይታሚን ኤ ያነሰው ልጅ ሠራዊቱን መመልመል ያቅተዋል፤ ከ6 እስከ 59 ወር ላሉ ሕፃናት በየስድስት ወሩ የቫይታሚን ኤ ጠብታ የሚሰጠውም ለዚህ ነው። ያልጎደለበት ሰው ቢጨምርበት ግን አይበልጥም። ደግሞስ «መጨመር» ሁልጊዜ መልካም ነው ያለው ማን ነው? አስምና አለርጂ በማያስቆጣ ነገር የሚቆጣ መከላከያ ናቸው።

ጉንፋን በየዓመቱ የሚይዘኝ አቅሜ ደካማ ስለሆነ ነው?

አይደለም። ጉንፋን የአንድ በሽታ ስም አይደለም፤ ከ200 የሚበልጡ ቫይረሶች የሚጋሩት ስም ነው። ያለፈውን ያስታውሳሉ፤ የመጣው ሌላ ነው።

ክንዴ ላይ ያለው የቢሲጂ ጠባሳ ከሳንባ ነቀርሳ ይጠብቀኛል?

ሲወለዱ የተከተቡት በሕፃንነት ወደ አንጎል ሽፋንና ወደ መላ ሰውነት ከሚሰራጨው ከባድ የነቀርሳ ዓይነት እንዲጠብቅዎት ነበር፤ ያንን ሥራውን ሠርቷል። አዋቂዎች የሚይዛቸውን የሳንባ ነቀርሳ በመከላከል በኩል ግን ደካማ ነው። ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል ካለ ጠባሳውን ሳይሆን አክታውን ያስመርምሩ።

በዕድሜ ገፋ ያሉ ሰዎች ክንድ ላይ የሚታየው ጠባሳ የፈንጣጣ ሊሆን ይችላል። ያኛው ሥራውን ፈጽሟል፦ በኢትዮጵያ የመጨረሻው የፈንጣጣ ሕመምተኛ የታየው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው፤ በ1980 በሽታው ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ።

መንጋጋ ቆልፍ ታምሞ የዳነ ሰው ለምን እንደገና ይከተባል?

ጥያቄው ብልህ ነው፤ የኩፍኙን ታሪክ የሰማ ሁሉ ሊጠይቀው ይገባል። በመንጋጋ ቆልፍ ሰውነትን የሚጎዳው ባክቴሪያው ሳይሆን የሚያመነጨው መርዝ ነው። መርዙ እጅግ ብርቱ ከመሆኑ የተነሣ ሰው ለመግደል የሚበቃው መጠን ሴሎቹን ለመቀስቀስ ከሚያስፈልገው ያነሰ ነው። ሰውየው ተሠቃይቶ ይድናል፣ ሰውነቱ ግን አላየሁም ይላል። ክትባቱ መርዝነቱ የተነፈገውን ያንኑ ነገር በብዛት ስለሚያሳይ በሽታው ያላስተማረውን ያስተምራል። ስለዚህ «ተፈጥሮ ሁልጊዜ ከክትባት ትበልጣለች» ለሚል ሰው ይህ ጥሩ መልስ ነው። ነፍሰ ጡር ስትከተብ ደግሞ አንቲቦዲው ወደ ጽንሱ ስለሚሻገር፣ እትብቱ ባልጸዳ ምላጭ ቢቆረጥ እንኳ ሕፃኑ የተዋሰው ጋሻ ይኖረዋል።

የቢጫ ወባ ክትባት አንድ ጊዜ በቂ ሲሆን ለሐጅ የሚሰጠው የማጅራት ገትር ለምን ይደገማል?

የቢጫ ወባው ሕያው ቫይረስ ነው፤ ሁሉንም የመከላከያ ክፍል ይቀሰቅሳል፣ ትውስታውም ይዘልቃል። ቀድሞ በየ10 ዓመቱ እንዲታደስ ይጠየቅ ነበር፤ ከሐምሌ 2016 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ግን የምስክር ወረቀቱ ለዕድሜ ልክ ይሠራል። ቢጫው ካርድዎ ላይ ያለው ቀን አልፏል ቢልዎትም ለዚህ ተብሎ እንደገና መወጋት የለብዎትም። አዲስ ተከታቢ ግን ከጉዞው 10 ቀን መቅደም አለበት፤ አንቲቦዲው እስኪደርስ ማለት ነው።

የማጅራት ገትር ክትባት ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ የባክቴሪያው የስኳር ሽፋን ብቻ ነው፤ ስኳር ብቻውን አንቲቦዲ ያስመርታል እንጂ ትውስታ የሚያደራጁትን ረዳት ሴሎች አይቀሰቅስም። ሁለተኛው ስኳሩን ከፕሮቲን ጋር ያያይዘዋል፤ ፕሮቲኑ ረዳቶቹን ይጠራል። በሳዑዲ ዓረቢያ ደንብ የመጀመሪያው ለ3፣ ሁለተኛው ለ5 ዓመት ነው የሚያገለግለው። የትኛውን እንደወሰዱ በካርዱ ላይ ያስጽፉ።

ቆላ ነው ያደግሁት፤ ወባ አይደፍረኝም። አሁን ከተማ ብቀመጥም አይደለም?

ነበር፤ አሁን ግን አይደለም። የወባ ተህዋስ በደም ሴል ላይ የሚያወጣውን ፕሮቲን እንደ ልብስ ይቀያይራል፤ ሰውነት አንዱን ሲያውቅ በሌላው ይመጣል። ለዓመታት ደጋግሞ የታመመ ሰው ከብዙዎቹ ልብሶች ጋር ተዋውቆ ሕመሙ ይቀልለታል፤ ተህዋሱን ግን ሙሉ በሙሉ አያጠፋም። ይህ ከፊል አቅም በየጊዜው ካልታደሰ ይከስማል። በመጀመሪያ እርግዝናዋ ያለች ሴትም እዚያው ቆላ ብትኖር ለአደጋ ትጋለጣለች፤ ተህዋሱ በእንግዴ ልጅ ላይ የሚጣበቅበትን ልብስ ሰውነቷ አይቶት አያውቅምና።

ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ሑመራ የሚወርዱ የደጋ ሰዎች ከመጀመሪያውም ይህ አቅም የላቸውም። ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ 15 ዓመት ኖሮ ዘመድ ለመጠየቅ ቆላ የሚወርድ ሰው ደግሞ ነበረኝ ብሎ አጎበር ይንቃል። ሁለቱም ትኩሳት ሲይዛቸው በዚያኑ ቀን ይመርመሩ።

ጉድፍ በልጅነቴ ወጥቶልኛል። አልማዝ ባለጭራ ለምን ያዘኝ?

ያው ቫይረስ ስለሆነ ነው፤ ከሰውነትዎ አልወጣም ነበር። ጉድፉ ሲደርቅ ቫይረሱ በአከርካሪ አጠገብ ባሉ የነርቭ ሥሮች ውስጥ ገብቶ ይተኛል። ገዳዮቹ ሴሎች ለአሥርት ዓመታት እንዳይነቃ ይጠብቁታል፤ በእርጅና፣ በከባድ ሕመም ወይም በኤችአይቪ ምክንያት ጥበቃው ሲላላ በአንድ ነርቭ መስመር ተከትሎ በአንድ የሰውነት ጎን ይወጣል። «ባለጭራ» ያለው ሰው ያንን መስመር ሳያስተውል አልቀረም። ስለዚህ ከሌላ ሰው አልተያዙም፤ እርስዎ ግን ጉድፍ ወጥቶበት የማያውቅን ልጅ ጉድፍ ሊያስይዙ ይችላሉ። ሽፍታው በወጣ በ3 ቀን ውስጥ ሐኪም ዘንድ ይድረሱ፤ በዓይን አካባቢ ከሆነ በዚያው ሰዓት። ገና በወጣትነት ከወጣ የኤችአይቪ ምርመራ ማድረግ ተገቢ ነው።

ውሻ ከነከሰኝ በኋላ መከተብ ምን ዋጋ አለው? ቫይረሱ ገብቷል እኮ።

ገብቷል፤ ግን በእግሩ ነው የሚጓዘው። የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ በደም ሳይሆን በነርቭ ውስጥ ቀስ እያለ ወደ አንጎል ይሄዳል፤ አብዛኛውን ጊዜ ሳምንታት ወይም ወራት ይፈጅበታል። ክትባት ደግሞ አንቲቦዲ ለማስመረት የሚያስፈልገው ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ነው። ሩጫው እኩል ተጀምሮ እንኳ ማሸነፍ ይቻላል፤ ፊት ወይም እጅ ላይ ሲነከስ ግን መንገዱ ያጥራል።

ያቺን የመጀመሪያ ክፍተት ለመሙላት በሌላ ሰው ወይም እንስሳ ሰውነት የተመረተ ዝግጁ አንቲቦዲ በቁስሉ ውስጥና ዙሪያ ይወጋል። ይህ የእናት ውሰትን የሚመስል ነው፦ ወዲያው ይሠራል፣ በሳምንታት ያልቃል፣ ትውስታ አይተውም። ትውስታውን የሚጽፈው በተለያዩ ቀናት ክንድ ላይ የሚሰጠው ክትባት ነው፤ በየቀኑ ሆድ ላይ ይወጋ የነበረውን የድሮውን ፈርተው የሚቀሩ ሰዎች አሁንም አሉ። ከሁሉ በፊት ግን ቁስሉን በሚፈስ ውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ይጠቡ፣ በሰዓት ይያዙት፤ ከዚያ በቀጥታ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። የተነከሰው ሰው አንድ ጊዜ ውኃ መፍራት ከጀመረ ቫይረሱ አንጎል ደርሷል፤ ከዚያ ወዲያ የትኛውም መርፌ አይደርስበትም።